ጭላሎ ላይ ዝም ያልኩበት እሑድ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጆቼ ጭላሎ ወጥተው ፊታቸው በፀሐይ ነዶ፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ተመለሱ። አሁን ፓርክ ነው የሚሉት፤ ያኔ የመንግሥት ደን ነበር። ትልቋ፣ ሰላም፣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «እምዬ፣ ይቺን የድንጋይ ካብ ያውቋታል?» አለችኝ። ዓይኔ ደክሟል ብዬ መለስኩላት። ዓይኔስ ደክሟል፤ ካቧን ግን ለይቻታለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ባለቤቴ ተስፋዬ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ነበር። እኔ አባቴ የአሰላ ነጋዴ፣ እናቴ የአርሲ ኦሮሞ፤ ትምህርት ቤት በደጁ እንጂ በውስጡ አላለፍኩም። ፊደል የለየሁት ቆይቶ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያን ሰሞን የተስፋዬ ታላቅ እህት፣ እትዬ አልማዝ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። በመሥሪያ ቤቷ የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነበረች፤ የምትለብሰው ካኪ፣ የምትናገረውም እንደ ስብሰባ። ለወንድሟ ወደ አዲስ አበባ የዝውውር ደብዳቤ አስጨርሳ ነው የመጣችው።

«ደብዳቤው የአንድ ሰው ነው» አለች፣ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ። «አንተ ቅደም። እሷ እናቷ ዘንድ ትቆይ። ማንበብ ስትችል ያን ጊዜ እናያለን።»

እዚያው አጠገቧ ነኝ እኮ! ዳቦ እየቆረስኩላት። ተስፋዬ ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ግን ያማስላል። ቀድሞ ሄዶ ሚስቱን የረሳ ስንት ሰው አውቅ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ከተረሱት አንዷ ናት፣ ስድስት ዓመት ጠብቃ ነው ተስፋ የቆረጠችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሆዴ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ጥሎኝ ይሄዳል ወይስ አይሄድም።

እሑድ ጠዋት ተስፋዬ «ጭላሎ እንውጣ፣ የድሮውን ፍርስራሽ ላሳያችሁ» አለን። አየሩ ያስታርቀናል ብሎ ይሆናል። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ገብሱ ወደ ቢጫ ሊዞር ያለበት፣ ሰማዩ የታጠበ ሳህን የሚመስልበት ጊዜ። እስከ ተራራው ግርጌ በጋሪ ሄድን። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር እትዬ አልማዝ እኔን ታየኛለች፣ መንገዱን የሠራሁት እኔ ይመስል።

ጭኮ ይዤ ነበር። የእናቴ ዘመዶች የላኩልኝ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በቅቤ የራሰ፣ ሽታው ከመሶቡ ውጪ የሚጣራ። እትዬ አልማዝ በጣቷ ጫፍ ነካችውና «ይኼን በልተህ ነው የከሳኸው?» አለች ለተስፋዬ።

ስንወጣ እኔ ከፊት ነኝ፤ መንገዱን ስለማውቀው። «ተመልከት አወጣጧን!» ትላለች ከኋላዬ እያለከለከች። «ፍየል አግብተህ ነው ለካ መምህሩ!» ተስፋዬ ወደ ኮሶው ዛፍ ያያል። ትንሽ ሄድ ስንል ደግሞ «እዚያ አዲስ አበባ ሰው ፊት ይዘሃት ስትወጣ ምን ልትል ነው? ባለቤቴ ተራራ ትወጣለች?» አሁንም ዝም። ጠዋት ሙሉ ዝም! ስድቧ አልነበረም የበላኝ። ዝምታው ነው።

ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ ፍርስራሹ ጋ ደረስን። ረጅም የድንጋይ ካብ ነው፤ ግማሹ ወድቆ ሣር ውጦታል። ተስፋዬ ስለ ጥንት ነገሥታት ይነግረናል። ከካቡ በታች ድንጋይ የተከመረበት፣ አናቱ ሰፋ ያለ ነገር አለ፤ ላዩ ላይ እርጥብ ሣር ጣል ጣል ተደርጎበታል። እናቴ እንዲህ ያለ ቦታ ስታልፍ ሣር ነጭታ አስቀምጣ ነው የምታልፈው። መቃብር ነው። አወቅሁት።

«ይኼማ ጠረጴዛ ነው!» አለች እትዬ አልማዝ። ሣሩን በእጇ ጠራርጋ ጣለች፣ ነጠላዋን አነጠፈች፣ ዳቦውን አስቀመጠች፣ ራሷም ተቀመጠች።

አፌን አልከፈትኩም።

ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳትጎርስ «ከኢ! ከኢ!» የሚል ጩኸት መጣ። ተነሺ ማለት ነው። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ዱላቸውን እያወናጨፉ ከቁልቁለቱ ወጡ። በኦሮምኛ «አያቴ ቱፋ በዳሶ የተኛበት ነው! ደረቱ ላይ ዳቦ የምትበላው ማን ናት?» አሉ። እኔ በኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ወደኔ ዞሩ። «አንቺማ የኛው ልጅ ነሽ። ሣሩን አይተሻል። አይተሽ ነው ያስቀመጥሻት?»

የመጀመሪያውን ተረጎምኩላት፤ የሟቹን ስም ትቼ። ሁለተኛውን ዋጥኩት።

«ለድንጋይ ነው የምነሳው?» አለች እትዬ አልማዝ፣ ፊቷ ቀልቶ። «ይኼ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ገና አልጠፋም? ዱላ ያነሳው በማን ላይ እንደሆነ አሳየዋለሁ!» ከካኪ ኮቷ ኪስ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። «ስሙን ጠይቂልኝ!»

የዛሬ ልጆች ይኼን አያውቁትም። ያኔ ስም ደብተር ላይ ሰፈረ ማለት ምን እንደነበረ። ሰውየው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል።

ወደ ሽማግሌው ዞሬ «እዚህ የተኛው ማን ነው ያሉኝ?» አልኳቸው በኦሮምኛ።

«ቱፋ በዳሶ!» ብለው ጮኹ።

«ቱፋ በዳሶ እባላለሁ ይላሉ» አልኳት።

እትዬ አልማዝ እኔን አላመነችም። ብዕሯን እንደያዘች «እንደሱ ነው ያለው?» አለችው ወንድሟን። ተስፋዬ አሰላ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ለገበያ የሚሆን ኦሮምኛ ያውቃል። የጠየቅሁትንም የመለሱትንም ሰምቷል። አሁን «ውሸቷን ነው» ቢል እኔ እናቴ ቤት እንደቀረሁ ነው። አየኝ። ሽማግሌውን አየ።

«ቱፋ በዳሶ ነው ያሉት» አለ። «በዳሶ። ጻፊው።»

ጻፈችው። እሱ ዳቦውን አነሳ፣ ነጠላዋን አጥፎ ሰጣት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሣር ነጨና ድንጋዩ ላይ አኖረ። ሽማግሌው እስክንርቅ ቆመው አዩን።

ስንወርድ ከእህቱ ወደ ኋላ ቀረት አለና «መቃብር መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«አንተስ ጠዋት ሙሉ ለምን አልነገርካትም?»

በማግስቱ ደብዳቤውን ለእህቱ መለሰላት። አሰላ ቀረ፤ ልጆቻችንን አሰላ አሳደግን፤ አሰላም ቀበርኩት። እትዬ አልማዝ ለቅሶው ላይ እንኳ እጇን አልሰጠችኝም።

በቤታችን ይኼ ታሪክ የሳቅ ነው። በእትዬ አልማዝ ጥቆማ ቱፋ በዳሶን ሊይዙ ጠመንጃ ይዘው የወጡት ሰዎች መንደርተኛው መቃብሩ ላይ እንዳደረሳቸው ስነግራቸው ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እዚያ ላይ ነው ሁልጊዜ የማቆመው። ሰዎቹ እስኪያምኑ ድረስ መንደርተኛውን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ እንዳንበረከኩት፣ ነፍሰ ጡርም እንደነበረችበት አልነግራቸውም። እኔም የሰማሁት ከእናቴ ዘመዶች ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭኮ አልላኩልኝም።

ባለፈው እሑድ ግን፣ ሌሎቹ ሲወጡ ሰላም ቀረችና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሣሩንም፣ ነፍሰ ጡሯንም። ሰው ሲያረጅ የሚያቀለው ነገር ይፈልጋል መሰለኝ። ልጅቷ ስልኳን አስቀመጠች።

«ለእትዬ አልማዝ መቃብር መሆኑን ያልነገሯት ፈርተው ነው አይደል እምዬ?»

አዎ ብላት ታምነኝ ነበር። እውነቱን የሚያውቀው ተስፋዬ እንኳ በሕይወት የለም።

«አይ ልጄ» አልኳት፤ «ስትቀመጥ ሳያት ደስ ብሎኝ ነው።»