ፍሬኑም ዘይቱ ውስጥ ነው አሉኝ

አባቴ ሲሞት የተወልኝ ሱቅ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘይት እንሸጣለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ዘይት ሲቀዳ እያየሁ ስላደግኩ፣ ስለ ዘይት የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። የሞተሩን ከማርሹ በጠረኑ እለየዋለሁ፤ ቀጭኑን ከወፍራሙ በሁለት ጣቴ አሽቼ አውቀዋለሁ። ደንበኞች «ልጅቷ ከአባቷ ትበልጣለች» ሲሉ ሰምቼ ያልሰማሁ መስዬ አውቃለሁ።

አንድ ሾፌር ደንበኛችን የመጡት የበልግ ዝናብ ሊጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐሙስ ጠዋት ነበር። በዴሳ ከተማ አቅራቢያ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ትራክተር ይነዳሉ። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣሉ፤ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«እህቴ፣ ደህና አደርክ?» አሉኝ።

አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። የቆዩ ደንበኛችን ስለሆኑ ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም እወድላቸዋለሁ።

ትራክተሩ ማረሻውን የሚያነሳበት ክንድ ደክሟል። ከሥሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ ከርሟል። የሚያፈሰውን ቦታ አሠርተውታል፤ አሁን የቀረውን አሮጌ ዘይት ደፍተው አዲስ መሙላት ነው የፈለጉት።

«ድሮ የሚሞላልን ቀጭን፣ ቢጫ ነገር ነበር» አሉ። «ካምቢዮውም፣ ክንዱን የሚያነሳው ሃይድሮሊክም ከአንድ ሆድ ነው የሚጠጣው። ለሁለቱም የሚሆን አለህ?»

አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ በርሜል ቁጥር መቶ አርባ የማርሽ ዘይት ነው፤ እንደ ማር የሚዝለገለግ ወፍራም ዘይት። ደንበኛን «የለኝም» ብሎ መመለስ ደግሞ አባቴ ያላስተማረኝ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ትራክተሩ አርጅቷል እኮ» አልኳቸው። «ላረጀ ማሽን ወፍራም ይሻለዋል። የማርሹን ጥርስ ይሸፍንለታል፤ ማንጠባጠቡንም ይቀንሰዋል።»

በርሜሉን አዩት። አንገታቸውን እንደማዘንበል አደረጉና፣ «ፍሬኑም ዘይቱ ውስጥ ነው አሉኝ» አሉ።

ሳቅኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ነበሩ፤ እነሱም አብረውኝ ሳቁ። መኪና የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፍሬን ሸራ ዘይት ከነካው እንዳለቀለት ነው። ልጅ ሆኜ እንኳ የማውቀው ነገር ነው።

«ኧረ ጋሼ! ፍሬን ዘይት ውስጥ ይነከራል እንዴ? ማነው እንዲህ የቀለደብዎት?»

ፊታቸው ተለወጠ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ታውቃለህ።» ጀሪካኖቹን ሞላሁላቸው፤ ባጃጅ ነጂዎቹ አግዘው ጫኑላቸው፤ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል አልፎ ወደ በዴሳ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ሾፌር አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱን ሰው ሞልቶታል፤ በቆሎ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ጃንጥላ የያዘ። ትንሽ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ዳገቱን ስንያያዘው ከላይ ቀይ ትራክተር ሲወርድ አየሁ። ከኋላው ተጎታች አለው፤ ተጎታቹ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሯል፤ ጆንያው ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አለ የሚኒባሱ ሾፌር። ጥሩምባውን አስጮኸ። ትራክተሩ አልቀነሰም።

ሲቀርብ የነጂው መቀመጫ ባዶ መሰለኝ። ባዶ አልነበረም፤ ሰውዬው ቆመዋል። በሁለት እግራቸው የፍሬኑ ፔዳል ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው፣ በሌላው «ዘወር በሉ!» ይላሉ። የእኛው ሾፌር ሚኒባሱን ወደ ቦዩ ወረወረው። ትራክተሩ በመስኮቴ በኩል አለፈ፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። የእኔው ደንበኛ ናቸው። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ያወቁኝ ግን አልመሰለኝም።

ከታች ገበያተኛው አለ።  የትራክተሩ ሾፌር መሪውን በሙሉ ጉልበታቸው ወደ ቀኝ ጠመዘዙት፤ ትራክተሩ አጥሩን ጥሶ አንድ ጓሮ ውስጥ፣ እንሰቱ መሃል ገባ። ትልልቆቹ ግንዶች አንድ በአንድ ሲሰበሩ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተጎታቹ ተገለበጠ።  ከዚያ ጩኸቱ ቀለጠ።

ሮጥኩ። አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። የትራክተሩ አፍንጫ ከቤቱ በር ሦስት እርምጃ ሲቀረው ነው የቆመው። በሩ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት እንደ ሐውልት ደርቃ ቆማለች፤ አትጮህም፣ አታለቅስም፣ ትራክተሩን ብቻ ታያለች። ጆንያ ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ክንዷ ተሰብሮ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ከፊት ጎማውና ከወደቀ እንሰት መሃል ተጋድመዋል፤ ቀኝ እግራቸው እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል።

ተንበርክኬ ጭንቅላታቸውን ያዝኩ።

«እህቴ፣ አንተ ነህ?» አሉ። «ሰው ሞተ?»

«አልሞተም፤ ማንም አልሞተም» አልኳቸው፣ ሳላጣራ።

«እሺ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከትራክተሩ ሆድ ዘይት እየወረደ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ይፈስ ነበር። ጠረኑ ገባኝ፤ መቶ አርባ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ጊዜም ነገሩን አላገናኘሁትም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከሁለት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። ትራክተሩን ለመጠገን ምን ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ እንድነግራቸው ፈልገው ነው። ስደርስ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ መሣሪያ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ትራክተሩን ፈትቶ አገኘሁት። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ቱታው ላይ ቅባት የማይፈራ ሰው ነው። ከኋላ ጎማው ውስጠኛ ጎን ክብ ሳህን የመሰለ ነገር አወጣ፤ እንደ መስታወት ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል።

«ፍሬኑ ይህ ነው» አለ።

«ከዚያ ውስጥ ነው ያወጣኸው?» አልኩት። «ከዘይቱ ውስጥ?»

«አዎ። የዚህ ትራክተር ፍሬን ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው። ለእሱ ተብሎ የሚሠራ ዘይት አለ፤ ማርሹን ይጠብቃል፣ ሃይድሮሊኩን ይገፋል፣ ፍሬኑ ደግሞ እንዳይንሸራተት ያደርጋል።» ጣቱን ነክሮ አሸተተ። «ይሄኛው የማርሽ ዘይት ብቻ ነው። ሳህኖቹን አንሸራትቷቸዋል፣ አቃጥሏቸዋል። ፓምፑም ይህን የሚያህል ወፍራም ነገር መሳብ አቅቶት ጠዋት ጠዋት ሲያቃስት ነበር ማለት ነው። ማነው የሞላው?»

  አጠገቤ የነበረ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሾፌራችን ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ከመንገድ ላይ ገዛሁ ብሎናል። ከማን ገዛህ ስንለው አላውቀውም ይላል። ኮሚቴው ሊያሰናብተው ነው።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አመመሽ እንዴ?» አለኝ።

«ፀሐዩ ነው» አልኩ። ተነስቼ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። አዎ፣ እንዲህ አድርጌያለሁ። ምን እንዳደረግኩ ሰምቼ፣ አፌን ዘግቼ መኪና ተሳፈርኩ።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ሾፌሩ እግራቸው በጄሶ ታስሮ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ባለቤታቸው ወንበሯን ለቀቀችልኝና ውኃ ልትቀዳ ወጣች።

«ጋሼ፣ ለምን ከእኔ እንደገዙት አልነገሯቸውም?»

ወደ ጣሪያው አዩ። «አንተ እኔን ልትጎዳ ብለህ አይደለም። ምን ይጠቅማል ብዬ ነው።»

«ከሥራ ሊያስወጡዎት ነው እኮ!»

«እኔስ ጥፋት የለኝም?» አሉ። «የነገረኝ ሰው እኮ በደንብ ነው የነገረኝ፤ ፍሬኑ ዘይት ውስጥ ነው፣ ተጠንቀቅ ብሎኝ ነበር። ዘይቱን ከቀየርኩ በኋላም ፍሬኑ ስረግጠው ያጉረመርም ነበር፤ ክንዱም ጠዋት ቶሎ አይነሳም። ልመጣና ልጠይቅህ አስቤ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም?»

«ሳቅክብኛ» አሉ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት፤ የጠየቅኳቸውን እንደሚመልስ ሰው ነው። «ሰው ፊት ነው የሳቅክብኝ። ሁለተኛ እንዳይሳቅብኝ ብዬ ቀረሁ።»

 ትራክተሩ በመስኮቴ ሲያልፍ የደነገጥኩት ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ዘይቱን ባላውቅ አለማወቅ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቅም። እኒህ ሰው ግን ትክክለኛውን ነገር በእጃቸው ይዘው ሱቄ ድረስ መጥተው ነበር፤ ሳቄ ነው ያስጣላቸው።

የኮሚቴው ስብሰባ የተደረገው በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ነው። ሳልጠራ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ገርሟቸው ወንበር ሊያስመጡልኝ ሲሉ፣ «አልቀመጥም» አልኩና ቆሜ ተናገርኩ። ዘይቱን የሸጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ትክክለኛው እንዳልነበረኝ፣ ወፍራም ይሻላል ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የእኔ ወላይትኛ ከገበያ ቃል ስለማያልፍ፣ ሊቀ መንበሩ ተረጎሙት። ጉርምርምታ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ምን እንዳሉ ማንም አልተረጎመልኝም።

ክንዷን በሻሽ ያሰረችው ሴት ከኋላ ተነሳች። የተናገረችውን ሊቀ መንበሩ ተረጎሙልኝ፤ «ፍሬኑ ዘይቱ ውስጥ መሆኑን ነግሮሽ ነበር ወይ? ነው የምትለው።»

«ነግረውኛል።»

«እና አንቺ ምን አልሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሳቅኩ» አልኩ።

ይህ መተርጎም አላስፈለገውም። ሴትዮዋ ተቀመጠች። ከእሷ በኋላ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሾፌሩን አላሰናበቷቸውም። የፍሬኑን ሳህኖችና ዘይቱን እኔ ላመጣ ተስማማን። መምህሩ የትራክተሩን መመሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ዘይቱ የተጻፈበትን ገጽ አሳየኝ። ውፍረት አይደለም የሚነበበው፤ የቆርቆሮው ጀርባ ላይ ያለው የዓይነቱ መለያ ከመጽሐፉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን የቆርቆሮ ጀርባ አቧራውን ብቻ ነበር የምጠርገው። ዘይቱን ሐዋሳ ሄጄ አገኘሁት። ሳህኖቹ ከተገጠሙ በኋላ፣ አሮጌው ርዝራዥ እንዳይቀር አንድ ጊዜ ሞልተን አሽከርክረን ደፋን፤ ከዚያ ንጹሑን ሞላን።

ሳህኖቹ እስኪገኙ ግን በልጉ አለፈ። የማኅበሩ አባላት በበሬ አረሱ፤ በሬ የሌለው ዘግይቶ ዘራ። ከእነሱ ውስጥ ዛሬም ሱቄ ደጃፍ አልፈው ሌላ ቦታ የሚገዙ አሉ። የሴትዮዋ ክንድ ድኗል፤ እንስራ ስታነሳ ግን አሁንም ፊቷ ይጨማደዳል።

ደንበኞቼን የምጠይቀው በዛ። ዘይቱ ምን ዓይነት ነው፣ ፍሬኑ የት ነው፣ መጽሐፉ አለ ወይ። ባለፈው ከሃላሌ የመጣ አንድ ሰው «መርማሪ ነሽ ወይስ ነጋዴ?» ብሎኝ ተበሳጭቶ ወጣ። ትክክለኛው ስላልነበረኝ «የለኝም» ብዬው ነበር። ሲወጣ በዓይኔ ሸኘሁት፤ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ምን እንደሚቀዳለት አላውቅም።

ሾፌሩ ከመኸሩ በኋላ ሥራ ጀመሩ። ትንሽ ያነክሳሉ፤ ትራክተሩ ላይ ሲወጡ ግራ እግራቸውን ያስቀድማሉ። መምህሩ ከመቀመጫው አጠገብ ወረቀት ለጥፎላቸዋል፤ የዘይቱ ዓይነትና የሚቀየርበት ሰዓት በወላይትኛም በአማርኛም ተጽፎበታል። ጠዋት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት አቧራውን በእጅጌያቸው ይጠርጉለታል።