ለክረምት የሚቀመጥ ቄጤማ

የደሳለች ችግር ሽታ ነበር። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከየቤቱ ቆሻሻ በሚሰበስብ ማኅበር አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ለሽታ አዲስ አይደለችም። ይኸኛው ግን የራሷ ክምር ሽታ ነው። ወረዳው ለሙከራ በሰጣት ቁራሽ መሬት ላይ የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ ወደ ኮምፖስት መለወጥ ጀምራ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የአጥር ጎረቤቷ አቶ ግዛቸው ለወረዳው አቤት አሉ። ወረዳውም ቁርጡን ነገራት፦ ሽታው እስከ ጥር መጨረሻ ካልጠፋ መሬቱን ትለቃለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ነገሩ በጣም ደስ የሚል ነውና። ልጣጭ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተጭኖ ሲቀበር አየር ያጣል። አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሙቀት በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ይበረታል። አየር እያገኘ ከበሰበሰ ግን ጋዙ እጅግ ይቀንሳል፤ የሚተርፈውም ጥቁር አፈር ነው። ስለዚህ ክምሩ ሸተተ ማለት ውስጡ ታፈነ ማለት ነው። ደሳለች ላስቀረው ብላ የተነሣችውን ጋዝ ራሷ እያመረተችው ነበር!

መፍትሔው አየር የሚያስገባ ደረቅ ነገር መቀላቀል ነው። የእንጦጦ ሰው ደረቅ ነገር ሲባል ምን ይታየዋል? ባሕር ዛፍ። ደሳለችና ጋሪ የሚገፋው ባልደረባዋ ጀላል ስምንት ማዳበሪያ ቅጠል ከዳገቱ አወረዱ። ሽታው ለሳምንት ያህል ቀለል አለ። ደሳለች በየጠዋቱ ክምሩ ውስጥ ፌሮ ሰክታ ታወጣና በእጇ ትዳስሰዋለች፤ ክምሩ እየሠራ ከሆነ ብረቱ ይፋጃል። አሁን ግን ቀዝቃዛ ነው። ለካ የባሕር ዛፉ ዘይት ልጣጩን የሚያበሰብሱትን ጥቃቅን ነፍሳት አዳክሟቸዋል።

“በባሕር ዛፍ የሚታጠነው ጉንፋን የያዘው ሰው ነው” አለ ጀላል። “አንቺ ክምሩን አጠንሽው!”

የገና በዓል ማግስት ጋሪውን እየተከተለች ሳለ በአቶ ግዛቸው በር ላይ አንድ ማዳበሪያ ቆሞ አየች። ውስጡ ከሳሎን የተጠረገ የበዓል ቄጤማ ነው፤ ደርቋል፣ አገዳው ረጅምና ጠንካራ ነው። ጨበጥ አደረገችው። ሲለቁት ተመልሶ ይነፋል! በመሀሉ አየር ያሳልፋል ማለት ነው።

“ጋሼ ግዛቸው፣ ይህን ልውሰደው?”

“ቆሻሻ ለመውሰድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታስፈቅጂው?”

“ቆሻሻ አይደለማ፣ መድኃኒት ነው።”

“ለማን?”

“ለአፍንጫዎ።”

አቶ ግዛቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። ደሳለች የሰፈሩን ቄጤማ ሁሉ ሰብስባ ክምሩን በአዲስ መልክ ደረደረችው፤ አንድ ረድፍ ልጣጭ፣ አንድ ረድፍ ቄጤማ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጩኸቷ ተሰማ።

“ምን ነከሰሽ?” ጀላል ሮጦ መጣ።

“ፌሮው! ፌሮው ፈጀኝ!” እያለች ትዘላለች።

በጥር መጨረሻ የወረዳው ሰዎች አቶ ግዛቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ቆሙ። ሽማግሌው ደጋግመው አሸተቱ። “ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው” አሉ፣ የሚያማርሩበት ነገር ያጡ ይመስል። ጀላል ደግሞ የደረሰውን ኮምፖስት ሲሞላ ከረጢቱን አየት አድርጎ፣ “ማዳበሪያ ውስጥ ማዳበሪያ! ስሙን ዕድሜ ልኬን ስጠራው ኖሬ ገና ዛሬ ገባኝ” አለ።

ወረዳው መሬቱን የፈቀደላት ግን እስከ መስከረም ብቻ ነው፤ ክምሩ ክረምቱን ሳይሸት ካለፈ ይጸናላታል። ከባዱም ይኸው ነው፦ በክረምት ዝናቡ ይበዛል፣ ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት በዓል ያንሳል። ስለዚህ ደሳለች ከጥምቀት የተረፈውንም ጨምራ ደረቅ ቄጤማ በቆርቆሮ ጥላ ሥር እያከማቸች ነው። በስሌቷ ስልሳ ማዳበሪያ ያስፈልጋታል፤ አርባ ሦስት ደርሷል። ፋሲካ ትናንት ነበር። ዛሬ ጠዋት ከጋሪው ፊት ፊት እየሄደች በየበሩ ታንኳኳለች፤ ጥሪዋም እንደ ወትሮው “ቆሻሻ!” አይደለም።

“ቄጤማ!” ትላለች። “ቄጤማ ያላችሁ!”