ሬዲዮው ዝም ሲል

ኮረብታውን «በራው» እንለው ነበር። ዛፍ የለበትም፣ ቁጥቋጦ የለበትም። አናቱ ላይ የእኛ ምሽግ አለ፤ ከሥሩ ሰው ተጋልጦ የሚታይበት ሜዳ ነው። ዛሬ የጀሞ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ ስወጣ ትከሻዬን ይዤ እቆማለሁ። የጎረቤት ልጆች «ጋሼ፣ ጠላት ነው የመታዎት?» ይሉኛል። እንዳልዋሽ ብዬ ዝም ስል ኖሬያለሁ። ይብቃኝ፣ ልንገራችሁ።

ዘጠኝ ነበርን። አለቃችን አስር አለቃ ደበበ ከመዝመቱ በፊት ታክሲ ይነዳ የነበረ ቀልደኛ ሰው ነው። ማቴዎስ የላፍቶ ልጅ ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ «ፓስተር» እያልን እናበሽቀው ነበር። እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ሻምበሉ የሚያዘን ከወንዙ ማዶ ሆኖ ነው። «ወደ ፊት ግፉ!» ይላል። ደበበ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ እናጮሃለን፤ ከቦታችን ግን ንቅንቅ የለም። ሩቅ ያለ አለቃ ድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ እያደረግን ሰነበትን፤ በዚህም ነፍሳችን ተረፈች።

አንድ ጠዋት ሦስት ሆነን ለቅኝት ወረድን። ሞርታር ወደቀብን። ሁለቱ ጓዶቼ እዚያው ቀሩ። እኔ ጭኔን ተመታሁ። በደረቴ ተኝቻለሁ፤ ፊቴ ወደ ምሽጋችን ነው። ሬዲዮው ጀርባዬ ላይ ነበር፣ ይሠራል። ደበበ በምሽጉ ሬዲዮ ለሻምበሉ ሲናገር እሰማለሁ።

«ሲመሽ እናነሳዋለን» አለ ደበበ።

«እስኪመሽ ጠላት ይወስደዋል። ኮዱን በሙሉ ያውቃል። ጨርሱት።»

የሚያወሩት ስለ እኔ ነው። መነጋገሪያውን ተጭኜ «ሻምበል፣ ሬዲዮውን እኔው እሰብረዋለሁ» አልኩ።

«ሬዲዮውን ትሰብራለህ። ምላስህንስ?»

ደበበ «ተቀብያለሁ» አለ። ቁስሌ እየጠዘጠዘኝ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። እንደ ልማዳችን ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ጮኸ። ሻምበሉ ግን ያን ቀን ከማዶ በመነጽር ያይ ኖሯል።

«እግሩ ይንቀሳቀሳል» አለ። «እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሬዲዮው ዝም አለ። ሰውየው ተወኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ቆይቶ ገባኝ። በሬዲዮ የሚያዝ ሰው ሩቅ ያለ ሰው ነው። ዝም ያለው አጠገባቸው ደርሶ ነው።

ምሽጉ ውስጥ የሆነውን ኋላ ደበበ ነገረኝ። ሻምበሉ መጀመሪያ ማቴዎስን አዘዘው።

«ሻምበል፣ ወንድሜ ነው። አልተኩስም።»

ሻምበሉ አልተቆጣም። ክላሹን ተቀበለውና «እንግዲያው ከምሽጉ ውጣና ቁም» አለው። ማቴዎስ ወጣ። ይህን እኔም ከታች አይቻለሁ። እጆቹን አንጠልጥሎ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። የጠላት አልሞ ተኳሽ ብዙ አላስጠበቀውም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ወንድምህን ግደል ሲሉት እምቢ ያለ ሰው፣ ሙት ሲሉት እሺ አለ። ሻምበሉ አንድ ነበር። እነሱ ከማቴዎስ ሌላ አምስት ነበሩ፣ ሁሉም የታጠቁ። ሌላ አንድ ሰው አብሮ እምቢ ቢል ሦስተኛውም ባለ ነበር። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ ሻምበሉ ደበበ ጎን ተቀመጠ። እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አለው በለሆሳስ፤ «አንተ ምላጩን ብቻ ሳብ።»

የመጀመሪያው ጥይት አፈር ፊቴ ላይ በተነ። «ድገም!» የሚል ድምፅ ከላይ ሰማሁ። ሁለተኛው ሬዲዮውን ሰንጥቆ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። አልጮህኩም። የሞትኩ መስዬ ተኛሁ።

ሻምበሉ «ጎበዝ» ብሎት ወረደ። ጀንበር ስትጠልቅ ደበበ በደረቱ እየተሳበ መጣ። የመታኝም እሱ፣ በጀርባው የተሸከመኝም እሱ ነው።

«እባክህ ስደበኝ» አለኝ እያለቀሰ።

«ዝም ብለህ ሂድ፣ ይሰሙናል» አልኩት።

ከዘጠኛችን ያን ቀን ሦስት ሞቱ። ቡድናችን ከበራው እስኪወርድ ሁለት ተጨመሩ። ለማቴዎስ እናት ልጅዎ በጀግንነት ወደቀ ተብሎ ተነገራቸው። ላፍቶ ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ደበበ ከበሩ አላለፈም። ሻምበሉ ደህና ነው ይባላል። የእጁን ይስጠው ብዬ ረግሜዋለሁ፤ አሁንም አልተጸጸትኩም። ደበበን ግን መርገም አቃተኝ። ሻምበሉ ከወንዙ ማዶ እያለ ያዳነኝ ሰው ነው፤ ሻምበሉ ጎኑ ሲቀመጥ የተኮሰብኝም ያው ሰው ነው። የተለወጠው የሻምበሉ መቀመጫ ብቻ ነበር።

ደበበ ዛሬ ከጀሞ ላፍቶ ሚኒባስ ይነዳል። ሲያገኘኝ ጋቢና ያስቀምጠኛል። «እኔ እኮ ያነጣጠርኩት ሬዲዮውን ነበር» ይለኛል። አምኜው አላውቅም፤ ዋሸህ ብዬውም አላውቅም።

ባለፈው ሰው እስኪሞላ ተራ ይዘን ቆመን ሳለ ጠየቅሁት።

«ሻምበሉ ባይመጣ ኖሮስ?»

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልተኩስም ነበር!»

«ዛሬ መጥቶ ኋላህ ቢቀመጥስ?»

ደበበ ቀና ብሎ በስፖኪዮው የኋላውን ወንበር አየ።