ግማሽ መንገድ

አባታችን ሊነጋጋ ሲል ሲያርፍ ታናሽ እህቴ መንገድ ላይ ነበረች። «ጠና ብሎታልና ድረሺ» ተብላ ከሩቅ ተነስታ፣ አንድ ከተማ አድራ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በኮንትራት መኪና ወደ አገራችን ጋዝጊብላ መምጣት ጀምራለች። መሞቱን አታውቅም። እንዳይነገራት የከለከሉት አጎቴ ናቸው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ፊቷ ቆሞ፣ ሰው ከግራ ከቀኝ ደግፏት ነው የሚነገራት።

የንስሐ አባታችን ደግሞ ቁርጡን ነግረውናል። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ፍትሐቱ ይደረሳል፤ እስከ አስራ አንድ ይጠብቋታል። ከዚያ ወዲያ አይሆንም። ከጎረቤታችን ከዝቋላ ወረዳ በእግሩ የመጣው ለቀስተኛ ሳይመሽበት ገደሉን መውረድ አለበት። እህቴ የእናታችን ቀብር አምልጧታል። ያ ነገር ስንት ዓመት እንዳንገበገባት ያየሁት እኔ ነኝ፤ የአባታችንም ቢያመልጣት እንደማትችለው አውቃለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ደወለች። የመንገዱን ግማሽ እንደጨረሱ፣ ሹፌሩ ምሳ ልብላ እንዳለ፣ እሷም እስከዚያው ለአባዬ ብርቱካን ልትገዛለት እንደሆነ ነገረችኝ። እንደምንም «ደግ» ብዬ ዘጋሁት።

ግማሹን ጨርሳለች ስላቸው ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ተመስገን አለ። እኔ ሰቆጣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ግማሽ የሚባለውን ነገር እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

አጎቴ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ በመንገድ ነገር የሚከራከራቸው የለም። በጣታቸው መሬቱን እየጫሩ አሰሉልን። ያለፈው ግማሽ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት አርባ መጥታለች። የቀረውም መቶ ሃያ ነው፤ ዳገትና አስፋልት የሌለው ፒስታ ስለሆነ በሃያ ትመጣለች። የአርባና የሃያ መሀል ሠላሳ ነው። ሁለት መቶ አርባው ለሠላሳ ሲካፈል የስምንት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ስለዚህ አስር ሰዓት ላይ ከተፍ ትላለች፤ ምሳ ብትበላ እንኳ አስራ አንድ አያልፋትም። ሰው ሁሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ይህን ስህተት በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። መሀሉ ሠላሳ የሚሆነው በአርባውም በሃያውም እኩል ሰዓት ብትጓዝ ነበር። እሷ ግን እኩል የምትጓዘው ኪሎ ሜትሩን ነው። በአርባው ሦስት ሰዓት ብቻ ሄዳለች፤ በሃያው ስድስት ሰዓት ትሄዳለች። ዘገምተኛው መንገድ ብዙ ሰዓት ስለሚበላ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ሁለት መቶ አርባው ለዘጠኝ ሲካፈል ሃያ ሰባት እንኳ አይሞላም። ምሳ ሳትበላ በቀጥታ ብትመጣ ልክ አስራ አንድ ላይ ትደርሳለች። ምሳ ከበላች የምታገኘው አፈሩን ነው።

ይህን ለአጎቴ ባስረዳቸው አልሰሙኝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ይሄዳል፣ ለቀብር ግን አይደርስም፣ አልኩ በሆዴ። ምሳውን ይተዉት ልበላት ብዬ ብለምናቸውም፣ ለምን ብላ ከጠየቀች መርዶው መንገድ ላይ ይሆንና ትወድቅብናለች ብለው ተቆጡኝ። እኔም ተናደድኩ። በእግሬ ያቆመኝ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር።

ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ ደወልኩላት።

«ምሳ አትብሉ» አልኳት። «ቀሪው መንገድ ካለፈው እጥፍ ይፈጃል፤ አስልቼዋለሁ። ከአስራ አንድ በፊት መድረስ አለባችሁ።»

ለምን ብላ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። ሐኪሙ በአስራ አንድ ሰዓት ይሄዳል የሚል ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችኝም። «እሺ እታለም» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ቀለል አለኝ። መርዶ አላረዳሁም፣ የነገርኳት ሰዓት ብቻ ነው እያልኩ ወረድኩ።

ቅዳሴው ወጣ። ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይራው ሥር ተቀመጠ፣ ፍትሐቱም አለቀ። እኔ በልቤ እንደገና እሰላለሁ። ስሌቴ ውስጥ ጎማ አይተነፍስም፣ ኬላ ላይ አያስቆሙም፣ ሹፌሩም አይርበውም። ፈራሁ። ከዝቋላ የመጡት ሴቶች ዱላቸውን እያነሱ ቁልቁለቱን ያያሉ። የንስሐ አባታችን ፀሐይዋን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም፣ ድምፃቸው ደክሟል።

«ልጄ፣ እንግዲህ ይበቃናል» አሉኝ።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ አባታችን» ብዬ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ከማዶ ተረተር ላይ አቧራ ተነሳ።

አጎቴ መርዶውን እንዲነግሯት ሁለት ሽማግሌዎች መንገዱ አፍ ላይ አቁመው ነበር። መኪናው እነሱ ዘንድ ቆመ። በሩ ተከፍቶ እህቴ ስትወርድ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳለች። ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት ቃል አፋቸው ላይ ቀረ። አጎቴ ዞረው በቁጣ አዩኝ።

እህቴ ሰዉን እያለፈች መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ዓይኗ መንገድ ላይ አልቅሶ የጨረሰ ዓይን ነው።

«ለታመመ ሰው እንዲህ ሰዓት አይሰላም፣ እታለም» አለችኝ።

ተደጋግፈን ወደ ሳጥኑ ሄድን። ብርቱካን አልያዘችም ነበር።