የእትዬ ሚሊሜትር እጅና የልብስ ሰፊው አጥር

የእትዬ ሚሊሜትር እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ አሉ። ወሬው ከካርታ ክፍል ተነስቶ፣ መዝገብ ቤቱን ዞሮ ዘበኛው ጋ ሲደርስ፣ ሴትዮዋ አፏን ስታ በጆሮዋ ትጎርሳለች ተባለ። ማስረጃም ተገኘለት፦ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ያሰመረችው የይዞታ ወሰን የልብስ ሰፊውን መጸዳጃ ቤት መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ ሰውየው በተቀመጠ ቁጥር አንድ ጎኑ ጎረቤት ግቢ እንዲገኝ ፈርዶበታል።

ግን ማን ያምናል? ሃያ ስድስት ዓመት፣ መጀመሪያ በወረቀት፣ በኋላ በስክሪን መስመር ስታሰምር የኖረች፣ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት ናት።

አንድ ጠዋት አለቃዋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያዛውራትን ደብዳቤ ይዞ መጣ። የቀረው ፊርማው ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል። እዚያ ወንበር መቁጠር ነው፣ እረፍት በሉት።»

ደሟ ፈላ። «ይቀመጡ!» ብላ ማውሱን እጁ ውስጥ ወሸቀችለት። «ይኸው የልብስ ሰፊው አጥር ማዕዘን። አምስት ጊዜ ይንኩት!»

ስክሪኑ አለቃ ራሱ «ሥራ ይፍጠን፣ ማንም እንዳያጎላ» ብሎ ባዘዘው ልክ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ መዳፍ አክሏል። አለቃ በኩራት አምስቴ ነካ። እሷ አጎላችው። አንዷ ነጥብ ዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥታለች፤ አንዷ አስፋልት እየተሻገረች ነው።

«የእርስዎንም እጅ ጀመረው እንዴ፣ አለቃ?»

ከሌሎች ጋር በሩ ላይ ተኮልኩሎ የሚያየው የመዝገብ ቤቱ ሹም ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እንግዲያው ማጉላት ነዋ!» አለ አለቃ በላብ ተጠምቆ፤ እስከ ጥግ አጎላው። አጥሩ ድራሹ ጠፋ፤ ስክሪኑ በካሬ በካሬ የተነጠፈ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መሰለ።

«አንዷ ካሬ መሬት ላይ ሁለት ሜትር ናት፤ የአጥሩ ውፍረት ስንዝር አይሞላም! ርካሹን ፎቶ ያስገዙት እርስዎ። ቢያጎሏት ካሬዋ ትወፍራለች እንጂ አጥር አትወልድም!»

ማውሱን ነጠቀችው። ማዕዘኑ ተለይቶ እስኪታይ ድረስ መለስ አድርጋ አምስቴ ነካች፤ ነጥቦቹ ተደራረቡ። «ይህም ቢሆን ከሁለት ሜትር በታች አያስምልም፤ የቀረው እዚያው ሄዶ መለካት ነው።»

አለቃ ደብዳቤውን አጠፈ። «ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የሚያወራው...?»

በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሁሉ ገላመጠችው።

«እጄ አልተንቀጠቀጠም! ዓይኔም አልደከመም! የሳተው ፎቶውና ትእዛዙ ነው። ከዚህ ወንበር አልነሳም!»