በእኔ ስም የቆመው የእህቴ ቤት

እህቴ ታላቄ ነበረች። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳጠፋ አትመታኝም፣ አትጮህብኝም፤ ዝም ትለኛለች። ያ ዝምታ ከአለንጋ ይከብድ ነበር። ዛሬ ልጆቼ አባታችን ኮስታራ ነው እያሉ ያሙኛል፤ ኮስታራነቱን ከማን እንደ ወረስኩት አያውቁም።

ቤቷ መቐለ፣ ከጨው ገበያው አጠገብ ነበረ። ባሏ ጨው ነጋዴ ስለነበረ ግመል እየነዳ ወደ በረሃ ይወርዳል፣ አሞሌ ጭኖ ይመለሳል፣ ጥቂት ያርፍና ደግሞ ይወርዳል። ቤቱ የተሠራው እሱ በሌለበት ነው። ሥራዬ ግንበኝነት ነውና ግድግዳውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን ግን ከኮረብታው ሥር በጀርባዋ ያመጣችው እሷ ናት። ለድንጋይ ዐይን ነበራት። አንዱን አገላብጣ አይታ፣ "ይሄ ለማዕዘን ነው፣ መሐል ላይ አታባክነው" ትለኛለች። ሳልሰማት የቀረሁበት ማዕዘን በኋላ ተሰንጥቆ እንደገና አፍርሼ ሠርቼዋለሁ።

ባሏ ጣሊያን በወጣበት ዘመን በረሃ ላይ ወባ ይዞት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ግቢዋን ለጨው ነጋዴዎች ማራገፊያ አደረገችው። ገበያው እስኪሞቅ ድረስ አሞሌያቸውን እሷ ዘንድ ያኖራሉ፤ የየአንዳንዱን ለይታ ትከምራለች። ጨው እርጥበት ከነካው ይሟሟልና ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ታሳርፈዋለች፣ በክረምት ቆዳ ታለብሰዋለች። ለጥበቃዋ ከጨው ላይ ድርሻ ይሰጧታል። እሷ ጋ ያለ አደራ ጎደለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ምስክር ሳይቆም፣ ቃል ሳይገባ፣ ያላቸውን ሁሉ ደጇ ላይ አራግፈው የሚሄዱ ወንዶች ነበሩ። ይህን ያነሣሁት በኋላ ለሚመጣው ነገር ነው።

የባሏ የሙት ዓመት ተዝካር በወጣ ማግስት የሟች ታላቅ ወንድም መጣ። አልተቀመጠም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

"ወንድሜ ዘር አላስቀረም። ቤቱ የእኛ የአባታችን ልጆች ነው። አንቺም ወደ ወንድምሽ ሂጂ፤ ወንድም ያላት ሴት አትወድቅም።"

"ድንጋዩን ሳመጣ የት ነበራችሁ?" አለችው።

"ሴት ድንጋይ ብታመጣ ለባሏ ነው ያመጣችው።"

ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ። በአገራችን ልማድ ሙግት የሚጀመረው ዋስ በመጥራት ነው። ሁለቱም ወገን መሬት ያለው፣ ቢጠሩት የሚገኝ ሰው ያቆማል፤ ዋስ የሌለው ሰው የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ አፉን አይከፍትም። እኔ ዋስ ልሆናት ቆርጬ ነበር። በዋዜማው ቤቷ ሄጄ ብነግራት ራሷን ነቀነቀች።

"አይሆንም፣ ሐወይ።" በእኛ አፍ ወንድሜ ማለት ነው፤ እንዲህ የምትለኝ ነገሩ ሲከብዳት ነው። "ወደ ወንድምሽ ሂጂ ነው ያለኝ። አንተ ዋስ ከሆንከኝ እኮ ሄድኩለት ማለት ነው። ጨዋቸውን የምጠብቅላቸው ወንዶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ይቆምልኛል።"

"ባይቆሙልሽስ?"

"ጨዋቸውን አምነው የሰጡኝን ሰዎች ታማለህ?" ብላ ሣቀች።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ዳዕሮ ሥር ነበር፤ ዳዕሮ የምንለው ትልቁን የሾላ ዛፍ ነው። ሰው እንደ ገበያ ቀን ተሰብስቧል። እህቴ እንደ ተሟጋች ወንድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ መሐል ገባች። ከቆሙት አንዱ፣

"እዩዋት እስቲ! የቀራት ሱሪ ብቻ ነው!" አለ።

"ሱሪ ቤት የሚያቆም ቢሆን የአንተ ቤት ባልዘመመ ነበር" አለችው፤ ሰዉ ሁሉ ሣቀ፣ የሰውየው ሚስት ሳትቀር።

ዋናው ሽማግሌ ዐይናቸው የደከመ፣ በፍርድ የታወቁ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። በትራቸውን መሬት ላይ መቱና "ዋስሽን ጥሪ" አሏት።

ዞር ብላ ወንዶቹን አየች። ከፊት የቆሙት ጨዋቸው ያን ቀን እንኳ እሷ ግቢ የተከመረ ሰዎች ነበሩ። አንዱ የጫማውን ጠፍር ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። ሌላው ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። የሟች ወንድሞች ብዙ ናቸው፤ መበለት ደግሞ አንዲት ናት። እነሱ ይህን በልባቸው መዝነውታል።

ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። ከወሎ መጥቶ መቐለ የተቀመጠ እስላም ነጋዴ ነው። "እኔ አለሁላት፣ አባቴ።"

"መሬትህ የት ነው?"

"ወሎ ነው።"

"ሴትዮዋ ብትጠፋ ወሎ ድረስ ሄደን ልንይዝህ ነው?" ሲሉ ሰው ሣቀ። ነጋዴው አልሣቀም፤ "ያች ሴት የት ትጠፋለች ብላችሁ ነው" ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ።

ያን ጊዜ ጎረቤቷ ተነሣች፤ እሷም መበለት ናት። "እኔ መሬት አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ርስት፣ ሁላችሁም የምታውቁት። ዋሷ እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው በለዘበ ድምፅ መለሱላት። "ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ለነገር ብትፈለጊ ዋስ የምትጠሪ ነሽ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?"

"ወንዱ ዝም ሲልስ፣ አቦይ?" አለች እህቴ። "ያን ጊዜ በማን ይለቅ?"

ይህን ስትል እኔ ተነሥቼ "ዋስ ነኝ" አልኩ። እህቴ ዞራ አየችኝ። የጠበቅኩት ምስጋና ነበር፤ ያየሁት ግን ያንኑ የልጅነቴን ዝምታ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙግቱ ቀላል ሆነ። ድንጋዩን ማን እንዳመጣ መሰከርኩ፣ ሌሎችም መሰከሩ። የሟች ወንድም ተረታ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ፍርድ ሰጡ። "ቤቱ ከእጇ አይውጣ። ነገር ግን ባልም ልጅም የሌላት ሴት ብቻዋን የቤት ስም አትሸከምም። ግብር ሲጠየቅ፣ ወሰን ሲነካ፣ ዳኛ ሲጠራ፣ የሚቆም ወንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ በወንድሟ ስም ይሁን፤ እሷ ትኑርበት።" ሕዝቡ እልል አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። "አሜን በይ እንጂ" ሲሏት እህቴ "አሜን" አለች።

እኔ ያን ዕለት ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ፊደል ለይቼ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ስለ መበለት ምን እንደሚያዝዙ አውቅ ነበር፤ የታዘዘውን የፈጸምኩ መሰለኝ።

ቀስ በቀስ ግን ነገር መጣ። ክረምት ሲቃረብ የጣሪያውን አፈር ሁልጊዜ ራሷ አስገልብጣ ታስደለድል ነበር። በዚያ ዓመት እቤቴ ድረስ መጥታ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "ጣሪያውን ላስነካው ወይ?" አለችኝ።

"ምን ትጠይቂኛለሽ? ቤትሽ አይደለም ወይ!"

"በስምህ ነው" አለችና ፈቃዴን እስክናገር ቆመች። "አድርጊ" አልኳት። ሄደች።

ከዚያ ለግቢው በር ጠየቀችኝ። ለዛፉ ቅርንጫፍ ጠየቀችኝ። አሽሙር መስሎኝ ተቆጣሁ። አሽሙር አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ከእኔ ሳይሰሙ አንሠራም ብለዋት ነው። አናጢው "ባለቤቱ ይዘዘኝ" ይላታል። ለእኔ የተሰጠኝ ስም ብቻ ነበር፤ ስም ግን ባዶውን አይሄድም፣ ቤቱንም ሰውየውንም ይዞ ይሄዳል። ይህን ልጆቼ ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን ያ የወሎ ነጋዴ ከግቢዋ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ ሊያቆም ጠይቋት ወደ እኔ መጣች። "አይሆንም" አልኳት። "መበለት ነሽ፤ ሰው ምን ይላል?" ይህን ያልኳት እኔው ነኝ። ዳዕሮ ሥር ለእሷ የተነሣው ሰው እሱ መሆኑን እያወቅኩ ነው ያልኳት። በገዛ ቤቷ ብትሆን ኖሮ ሐሳቤን ሰምታ የፈለገችውን ባደረገች። አሁን ግን ሐሳቤ ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆኗል። እህቴ "እሺ" አለች። ከዚያ ቀን በኋላ አልተከራከረችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አይቻት አላውቅም።

የመጀመሪያ ልጄ ሴት ናት። ከልጅነቷ አክስቷ ዘንድ ስለምትውል ጨው መከመር፣ ቆዳ ማልበስ፣ የማን ክምር የት እንደሆነ ማወቅ ሁሉ ከሷ ተማረች። እህቴ ሳል ይዟት አልጋ ላይ ስትውል የቤቱን ሥራ ልጅቱ ያዘችው። አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ከአልጋዋ ጠራችኝ።

"ቤቱን ለልጅህ መስጠት እፈልጋለሁ።"

"እኔ እሰጣታለሁ። አታስቢ።"

"አልገባህም፣ ሐወይ። መስጠት የምፈልገው እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ቤት ደግሞ አይሰጥም። መልስልኝ። ለአንድ ቀን በስሜ ይሁንና እኔ ልስጣት።"

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ቤቱን ለእህቴ እመልሳለሁ አልኩ። ዋናው ሽማግሌ በዚያን ጊዜ ፈጽሞ ታውረው ነበር፤ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተቀመጡ።

"ደግ። ስትቀበል ዋሷ ማን ነው?"

"እኔ።"

"ሰጪ ለተቀባይ ዋስ ይሆናል? አንድ ሰው በሁለት አፍ አይናገርም።"

"ጎረቤቷ አለች።"

"ይህን ነገር ድሮ ጨርሰነዋል።"

በጨው ነጋዴዎቹ ደጅ ሁሉ ዞርኩ። አንዱ፣ "ቤቱ ያንተ፣ እህትህ ያንተ፣ ልጅህም ያንተ። ከግራ እጅህ ወደ ቀኝ እጅህ ለምታዛውረው ነገር እኔን ምን አስቸገረህ?" አለኝ። ሌላው ሣቀብኝ፤ ሦስተኛው ቆይ ላስብበት አለ። የወሎውን ሰው ሄጄ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሱቁን የከለከልኩት እኔ ነኝና።

እህቴ በየማታው "ተገኘ ወይ?" ትላለች። እኔም "ሊገኝ ነው" እላለሁ። ዋሱ ሳይገኝ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ የተቀመጥነው በዚያው ግቢ ነው። የሟች ባሏ ወንድም መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና "እግዜር ያጽናህ፣ ባለቤቱ" አለኝ። ጎረቤቷ ያዋሰቻትን ወፍጮ ድንጋይ ለመውሰድ ከእኔ ፈቃድ ጠየቀች። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ውኃው በምን እንደሚቀዳ፣ የማጀቱ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል፣ አንዱንም አላውቅም። ሁሉን ልጄ መለሰችላቸው፤ እነሱ ግን ሰምተዋት ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው "ይሁን?" ይሉ ነበር።

መርዶውን ያልሰማ አንድ ነጋዴ ግመሎቹን እየነዳ ደጁ ላይ ደረሰ። የእህቴን ስም ጠርቶ ሰላም አለ። ለቅሶውን ሲያይ ወርዶ አለቀሰ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ አይኑን ጠራርጎ፣

"ባለፈው ያኖርኩት ጨው ነበረኝ፣ አባቴ። የት ይሆን?" አለኝ።

ወደ ልጄ ዞር ብዬ አየሁ። ልጄ ተነሥታ በግራ በኩል ወዳለው ጥግ ሄደች፤ ቆዳውን ገልጣ አሳየችው። ሰውየው አየና ሁሉም እንዳለ አረጋግጦ እጄን ይዞ፣

"ተባረክ፣ ባለቤቱ። አደራ እንዲህ ነው" አለኝ።

"እኔ አይደለሁም" አልኩት። "ባለቤቱ ያች ናት፤ ልጄ።"

ሰውየው ወደ ልጅቱ አየ፤ ወደ እኔም ተመለሰ። በለቅሶ ቤት ላጽናናው ብዬ የቀለድኩ መሰለው። ፈገግ ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና፣

"እግዜር ያሳድግልህ" አለኝ።

ልጄ ቆዳውን በቀሪው ጨው ላይ መልሳ አለበሰችው።