ያልተመለሰ ሰላምታ

የኔ በሽታ ጨዋ ነበር። የሚጥል በሽታ ሲባል ለሰው የሚታየው መሬት ላይ ወድቆ የሚንፈራገጥ ሰውና «ክብሪት! ክብሪት!» እያለ የሚራወጥ ሕዝብ ነው፤ ጭሱን ያሸተተ ይነቃል ይባላልና። እኔን ግን አይጥለኝም፣ አያስጮኸኝም። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሽቅብ ይወጣል፣ የቆምኩበትን ቦታ፣ ያችኑ ቅጽበት፣ ከዚህ በፊት የኖርኩት ይመስለኛል፣ ከዚያ የለሁም። ዓይኔን እንደገለጥኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ የሹራቤን ቁልፍ እየነካካሁ የለሁም። ብዙ አይቆይም። ስመለስ ትንሽ ይደናገረኛል፣ ከዚያ ቦርሳዬን አስተካክዬ መንገዴን እቀጥላለሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ በሰላም የሚኖርበት ሰፈር ይኖር ይሆናል። ካዛንቺስ ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም ሰላምታ አለ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ከግቢያችን በር እስከ ታክሲ መያዣው «እንዴት አደርሽ» ሳይባል የሚታለፍ አንድም ደጃፍ አልነበረም። የሰፈሬ ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፣ ያልተመለሰ ሰላምታ ግን ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ኡራኤል አካባቢ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩና ኮምፒውተር ነክታ ሰው ጠላች ተባልኩ። እናቴ ወሬውን እየሰማች ትቃጠላለች፣ ግን «ከኩሩ ጋር የሚኖር አለ፤ ከበሽተኛ ጋር ማን ይኖራል? ዝም በይ» ትለኛለች። እኔም ዝም አልኩ።

ላገባው ያሰብኩት ሰው ያውቅ ነበር። ደምበል አንድ ካፌ ተቀምጠን ስለ ሥራው በስሜት ሲያወራልኝ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ጥዬው ሄጄ ስመለስ፣ «ማለቴ፣ ወሬዬ ይሄን ያህል ይደብራል?» አለኝ። ያኔ ነገርኩት። እሱ ነው ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሰው የሚገባው አማርኛ ትናገራለች። በጣቷ ከጆሮዬ በላይ ነካ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ነው። ትውስታም፣ ፍርሃትም፣ ሽታም እዚህ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ልጅ ሆነሽ ትኩሳት አንቀጥቅጦሽ ያውቃል?» አለችኝ። ያውቃል፣ እናቴ ነግራኛለች። «ያ ትንሽ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል። ጠባሳው ብቻውን ግን አይደለም ችግሩ። በዙሪያው ያሉት ሴሎች በዓመታት ውስጥ አዲስ ግንኙነት ይፈጥራሉ፣ መገናኘት የሌለባቸውም ይገናኛሉ። ከዚያ አንዱ ሲነሳ ብዙዎቹ አብረው ይነሳሉ።»

«ግቢያችን በይዋ!» አልኳት።

የኛ የቀበሌ ግቢ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። አዲስ ክፍል በተቀጠለ ቁጥር ከቅርቡ ቤት ገመድ ይሳባል፣ ከዚያ ቤት ደግሞ ለሚቀጥለው። ማን ከማን እንደሳበ የሚያውቅ የለም። ከፊት ያለው ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲለኮስ የጓሮው ሬዲዮ ያጓራል፣ የመሀሉ አምፖል ይርገበገባል፣ ጥቂት ቆይቶ ግቢው በሙሉ ድርግም። ሁልጊዜ የሚረገመው ምድጃ የለኮሰው ሰው ነው። ሐኪሟ ሳቀች። «እኛን እንዲህ አላስተማሩንም፣ ግን አልራቅሽም። መድኃኒቱ ገመዱን አይነቅለውም። ሲነሳ እንዳይዛመት ነው የሚይዘው። ጊዜም ይፈልጋል።»

ጊዜ ግን አልነበረኝም። እጮኛዬን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ወደ ታክሲ በሚወስደው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እሳቸው ያልመረቁት ጋብቻ እንደማይሆን እሱም እኔም እናውቃለን። መድኃኒቱን በጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት በደንበኞቻቸው ፊት ከሱቃቸው ብቅ ብለው «እንዴት አደርሽ ልጄ!» አሉኝ አሉ። ትክ ብዬ አየኋቸው፣ ቁልፌን ነካካሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳቸው ተባለ። ማታውኑ ለልጃቸው «ይቺን ከሆነ እኔን አትጥራኝ» አሉት።

ሌላው ሰው ሽማግሌ የሚልከው ልጅ ሊጠይቅ ነው። የኔ ሽማግሌ የተላከው ስለ አንድ «እንዴት አደርሽ» ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስትየው ቤት ተሰየምን። ሻይ ቀረበ፣ ዕርቅ ተወደሰ። ለኔ የቀረበው መንገድ ቀላል ነበር፦ አጥፍቻለሁ ብዬ ጉልበት መሳም። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ተነሳሁ። ጉልበታቸው ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ፤ ዛሬ ጉልበታቸውን ስሜ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ባልፋቸውስ? ያኔ የምስመው ምንድን ነው?

«እትዬ፣ አላየሁዎትም» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፤ ትኩሳቱን፣ ጠባሳውን፣ ገመዱን፣ ግቢያችንን። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ገመድ ከጎረቤት የሳቡ ናቸውና ነገሩ ከጠበቅኩት በላይ ገባቸው። አንደኛው «እና ክብሪት አይረዳም?» አሉኝ።

«አይረዳም አባባ። አጠገቤ ሆኖ መጠበቅ ነው።»

አክስትየው ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሰላም ስልሽ አልሰማሽኝም?»

«አልሰማሁዎትም።»

«ለልጄ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። እሺም እምቢም ሳይሉ ሽማግሌዎቹን ሸኙ። እናቴ እኔን ትታ ቀድማ ወደ ቤት ሄደች፣ እኔም ነገሩ አበቃለት ብዬ ውስጥ ውስጡን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ስሄድ በሱቁ በኩል ማለፍ አፈርኩ። ሌላ መንገድ ግን የለም። አንድ ጠዋት አንገቴን ደፍቼ ልሾልክ ስል ሆዴ ሽቅብ ወጣ፣ መንገዱን የማውቀው መሰለኝ (ማወቁንስ አውቀዋለሁ)፣ ከዚያ የለሁም።

ስመለስ የቦርሳዬን ማንጠልጠያ አንድ እጅ ይዞታል። አክስትየው ናቸው። ሱቃቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ትተው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው፣ ሰው እንዳያየኝ ከልለውኛል። ዓይኔን ዓይኔን እያዩ ጠበቁ። መመለሴን ሲያውቁ፣ ገና አሁን እንደተገናኘን ሁሉ፣ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ደህና። በይ ሥራ እንዳይረፍድብሽ» ብለው ቦርሳዬን ለቀቁልኝ።

እኔ በሌለሁበት የሆነውን ከሱቃቸው ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ነው በኋላ የነገረኝ። የሽማግሌዎቹ ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ስለነበር ሰው ተሰብስቦ ክብሪት ክብሪት ሲል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት። «ምራቴ ናት» አሉ አለኝ፤ «አሁን ትመለሳለች።»